የተያዘ ዓሣ ለምን ያመልጣል? በወንዝ ለሚያጠምዱ ስለ መሣሪያ አመራረጥ

ዓሣው ነክሷል። ዘንጉ ጎብጧል፣ ክሩ ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ ታች ይከንፋል። እናንተም ትንፋሻችሁን ውጣችሁ ትይዙታላችሁ። ከዚያ በአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ቅልል ይላል። ዘንጉ ይቃናል፣ ክሩ ይላላል፣ ወንዙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይፈስሳል። የደረሰበት ያውቀዋል፤ አንጀት ያቃጥላል።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ክሩ ቀጭን ስለሆነ ነው።» ወፍራም ክር ይገዛል፣ ድርቅ ያለ ዘንግ ይመርጣል፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ያጠብቃል። የሚቀጥለው ዓሣም ያመልጠዋል። አሁን ግን ክሩ ተበጥሶ ሳይሆን መንጠቆው ተቃንቶ ወይም የዓሣው ከንፈር ተቀዶ ነው። ዘንግ፣ ማጠንጠኛ፣ ክር፣ ቋጠሮና መንጠቆ አንድ ላይ የሚሠሩ ነገሮች ናቸውና፣ አንዱን ብቻ ማጠንከር ጫናውን ወደ ጎረቤቱ ማሻገር ነው። ዋናው ጥያቄ «የቱ ነው ጠንካራ?» ሳይሆን «ዓሣው ሲስብ መጀመሪያ የሚለቀው የቱ ነው?» የሚለው ነው።

ከመቀጠላችን በፊት በቃላት እንግባባ። ማጠንጠኛ የምለው ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ክሩን የሚጠቀልለውን መሣሪያ ነው። ፍሬን ደግሞ በማጠንጠኛው ውስጥ ያለው መያዣ ነው፤ ዓሣው ከተወሰነ ጉልበት በላይ ሲስብ ክሩ ከመበጠሱ በፊት እየተንሸራተተ እንዲወጣ ያደርጋል። ጫፍ ክር የምለው ከዋናው ክር መጨረሻ ላይ የሚቀጠለውን፣ መንጠቆው የሚታሰርበትን አንድ ሁለት ሜትር ነው። የመንጠቆ እሾህ ስል ደግሞ ከሹሉ ጫፍ ወረድ ብላ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ስለት ማለቴ ነው።

ዓሣው የት ላይ እንዳመለጠ በምን ይታወቃል?

የተመለሰላችሁን ክር አንስታችሁ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ተናዶ ይጠቀልለዋል፤ መልሱ ግን እዚያ ጫፍ ላይ ተጽፏል።

እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ምሽት ላይ ነው። ትልቅ ዓሣ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ እስከ እግሬ ድረስ አምጥቼው፣ በሦስተኛው አመለጠኝ። ክሩን ስስበው ጫፉ እንደ ሞላ ሽቦ ተጠምዝዞ መጣ። የተበጠሰ ክር እንዲህ አይሆንም። ቋጠሮው ተንሸራቶ ሲፈታ ነው ክሩ ራሱ ላይ እየተፋተገ የሚጠመዘዘው። ቋጠሮውን በደረቁ፣ በችኮላ ነበር ያጠበቅሁት። ክሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ጫፉ ሻካራ፣ ነጣ ያለና የተላጨ ከሆነ ድንጋይ ወይም የዓሣው ጥርስ ፍቆታል። ለምሳሌ የአምባዛ ጥርሶች ትንንሽ ናቸው፣ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ክሩን ይሞርዱታል። መንጠቆው ተቃንቶ ከመጣ ወይ ሽቦው ለመሣሪያችሁ ቀጭን ነው፣ ወይ ፍሬናችሁ ጠብቋል። መንጠቆው ደህና ሆኖ ጫፉ ላይ ቅርፊት ይዞ ከመጣ፣ ዓሣው በአፉ ሳይሆን በጎኑ ነበር የተያዘው፤ በዚያኛው ብዙ አትዘኑ። መንጠቆው ደህና ሆኖ ባዶውን ከመጣ ግን፣ ይሄ ደግሞ በጣም የሚያጋጥመው ነው፣ ክሩ ለቅጽበት ላልቶ ነበር፣ ወይም መንጠቆው መጀመሪያውኑ በደንብ አልገባም፣ ወይም ሥጋው ተቀዷል።

ወንዝ ከሐይቅ በምን ይለያል?

በረጋ ውሃ ላይ ዓሣው የሚታገላችሁ በራሱ ጉልበት ነው። በወንዝ ግን ፍሰቱም ከእሱ ጋር ያብራል። የፍሰቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ለዚህ ነው ዝግ ባለው ቦታ ላይ በቀላሉ የምትጎትቱት ዓሣ መሀል ወራጁ ውስጥ ሲገባ ድንጋይ የሚሆንባችሁ።

በነፋስ ውስጥ የተዘረጋ ጃንጥላ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ተጣጥፎ ወደ ነፋሱ ሲያመለክት ምንም አይከብድም። ሲከፈትና ሲዞር ግን ክንድ ይነቅላል። ዓሣም ጭንቅላቱን ወደ ላይኛው ወንዝ ሲያዞር የተጣጠፈ ጃንጥላ ነው። ጎኑን ለፍሰቱ ሲሰጥ ተከፈተ ማለት ነው። ያኔ አንድ ኪሎ ዓሣ ሦስት ኪሎ የመሰለ ስሜት ይሰጣል፣ መሣሪያችሁም የሚሸከመው ያንን ጫና ነው።

ሌላም አለ። ፍሰቱ ክሩን ራሱን ይገፋዋል፤ ረጅም ክር ውሃ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ስትስቡ መጀመሪያ የምትስቡት ያንን ጉብጠት ነው። ዓሣው ሲነክስ መንጠቆው ጋ የሚደርሰው ጉልበት ትንሽ ስለሚሆን ጫፉ ከንፈሩን ነካ አድርጎ ብቻ ይቀራል። ድንጋዩ፣ የወደቀው ግንድና ሥሩ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ወፍራም ክር ብገዛስ?

ትንሽ ይረዳል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ወፍራም ክር በፍሰቱ የበለጠ ይገፋል፣ የበለጠ ይጎብጣል፣ ማባበያውንም ከታች አንስቶ ያንሳፍፈዋል። ከውፍረቱ በፊት ዓይነቱን ማወቅ ይሻላል።

ነጠላ ናይለን ይለጠጣል። ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ ሩብ ያህል ሊጨምር የሚችል አለ። ይሄ መለጠጥ እንደ ላስቲክ ነው፤ ዓሣው ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ ድንገተኛውን ምት ይውጠዋል። ችግሩ፣ በሩቁ ሲነክስ ያው ላስቲክ የእናንተንም ምት ይውጠዋል። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፣ ሲረጥብም ከጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል። ፀሐይም ትጎዳዋለች። መስኮት ዳር ተቀምጦ የከረመ ናይለን ካላችሁ ለሌላ ሥራ አድርጉት።

የተጎነጎነ ክር ደግሞ ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች እንደ ሹሩባ የተሠራው ነው። ለተመሳሳይ ጥንካሬ ከናይለን በጣም ይቀጥናል። ስለዚህ ፍሰቱ ብዙም አይገፋውም፣ ለወንዝ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ከሞላ ጎደል አይለጠጥም። የዓሣው እያንዳንዱ ውዝዋዜ በቀጥታ መንጠቆው ላይ ያርፋል፣ ቀዳዳውም እየሰፋ ይሄዳል። ስለታም ድንጋይ ላይም ቶሎ ይቆረጣል።

ፍሎሮካርቦን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ መፋተግንም በደንብ ይችላል። ድርቅ ያለ ስለሆነ ቋጠሮ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እኔ ለወንዝ የምመርጠው ሁለቱን ማቀላቀል ነው፤ ዋናው ክር የተጎነጎነ፣ ጫፍ ክሩ ደግሞ አንድ ሁለት ሜትር ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን። ድንጋይ የሚነካው፣ ዓሣውም የሚያየው ጫፍ ክሩን ነው። ጫፍ ክሩ ከዋናው በመጠኑ ደከም ያለ ይሁን። መንጠቆው ግንድ ይዞ እምቢ ካለ የሚበጠሰው እዚያው አጠገብ ስለሚሆን፣ ሃምሳ ሜትር ክር ወንዝ ውስጥ ጥላችሁ አትሄዱም። የተጣለ ክር ወፍና እንስሳ ያንቃል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍሬኑን ምን ያህል ላጥብቀው?

ከሁሉም ነገር መርጣችሁ አንዱን ብቻ እንድታስተካክሉ ብጠየቅ ይሄንን ነው የምላችሁ። ብዙ ዓሣ የሚጠፋው እዚህ ነው። ማስተካከሉ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለት መኪና በገመድ ሲጎተት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ገመዱን ወጥሮ ከተነሳ ያ ገመድ መኪናውን አገር ያሻግራል። ገመዱ ላልቶ ሳለ በድንገት ከተነሳ ግን ጣጥ ይላል። የገመዱ ጥንካሬ ያው ነው፤ የገደለው ድንገቴው ነው። የፍሬን ሥራ ያንን ድንገቴ መብላት ነው።

የተለመደው ልክ ከክሩ ጥንካሬ ሩብ እስከ ሲሶ ነው። ክራችሁ 6 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ላይ መልቀቅ አለበት። እዚህ ላይ መሣሪያው ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ደካማውን ይዛችሁ አስሉ። ጫፍ ክሩ 4 ኪሎ ከሆነ ስሌቱ ከ4 ነው የሚነሳው፣ ዋናው 10 ቢሆንም። «ታዲያ 2 ኪሎ አያንስም?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አያንስም። ክሩ በጎበጠው ዘንግ ቀለበቶች ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረው መፋተግ ይጨመራል፣ ውሃ ውስጥ ያለው ክርም ይጨመራል፣ ቋጠሮው ደግሞ ከክሩ ላይ የተወሰነ ጥንካሬ ቀንሷል።

በእጅ ስቦ «ልክ ነው» ማለት ያሳስታል። ተንጠልጣይ ሚዛን ፈልጉ። ክሩን በቀለበቶቹ ውስጥ አሳልፋችሁ ሚዛኑ ላይ እሰሩት፣ ዘንጉን እንደምታጠምዱ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት፣ ሌላ ሰው ሚዛኑን ይዞ ቀስ እያለ ይራቅ። ማጠንጠኛው ክር መልቀቅ ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የእናንተ ፍሬን ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አለቃቀቁንም ተመልከቱ። መርፌው ወደ ላይ ዘሎ ከዚያ ከወረደ፣ ማለትም ፍሬኑ መጀመሪያ ይዞ ቆይቶ በድንገት ከለቀቀ፣ ያ የመጀመሪያ መያዝ ነው ክር የሚበጥሰው። ማጠንጠኛ ስትመርጡ «እስከ ስንት ኪሎ ይይዛል» ከሚለው ይልቅ እንዴት ለስለስ ብሎ እንደሚነሳ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ዓሣው ብዙ ክር ይዞ ሲሮጥ በማጠንጠኛው ላይ ያለው ጥቅል ይቀጥናል። ጥቅሉ ሲቀጥን ፍሬኑን ሳትነኩት ይጠብቃል። የጥቅሉ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ዓሣው ክር ለማውጣት እጥፍ መሳብ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ዓሣው ሲርቅ ፍሬኑን ማጥበቅ፣ ብዙዎቻችን በድንጋጤ የምናደርገው፣ የትክክለኛው ተቃራኒ ነው። ሲርቅ አላሉት። ለዚህም ነው ሰፋ ያለ ጥቅል ያለው ማጠንጠኛ ለፈጣን ወንዝ የሚሻለው፤ ብዙ ክር ቢወጣም ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ዘንጉ ደረቅ ይሁን ወይስ ለስላሳ?

ዘንግ ሁለት ጠባይ አለው፤ ሰዎች ያምታቱታል። አንዱ ጉልበቱ ነው፣ ለመጉበጥ ስንት ክብደት ይፈልጋል የሚለው። ሌላው የሚጎብጥበት ቦታ ነው። ከጫፉ ብቻ የሚጎብጥ አለ፣ እስከ ወገቡ ድረስ የሚጎብጥም አለ።

የተጎነጎነ ክር የምትጠቀሙ ከሆነ እስከ ወገቡ የሚጎብጠውን ውሰዱ። ክሩ ላይ የጠፋውን መለጠጥ ዘንጉ ይተካዋል። ዓሣው ሲወዘወዝ ዘንጉ ይተነፍስለታል፣ ክሩም ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይቆያል። ከንፈሩ ስስ የሆነ ዓሣ ለሚያጠምድ ደግሞ ለስላሳ ዘንግ የግድ ነው። ዋናው ክራችሁ ናይለን ከሆነ ግን ዘንጉ ትንሽ ጠንከር ቢል ይሻላል። ሁለቱም ለስላሳ ሲሆኑ መንጠቆው አይገባም።

ርዝመት በወንዝ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ዘንግ ክሩን ከፈጣኑ ውሃ በላይ አንስቶ ይይዘዋል፣ ያ የቀስት ጉብጠት ይቀንሳል፣ ዓሣውንም ከድንጋይ ላይ ለመመለስ ያመቻል። ዛፍ የተደፋበት ጠባብ ወንዝ ከሆነ ግን ረጅም ዘንግ ራሱ ጣጣ ነው፣ ያኔ አጠር ይበል።

አያያዙም ከምርጫው እኩል ነው። ዘንጉን ቀጥታ ወደ ዓሣው ካመለከታችሁት ለስላሳነቱ ሁሉ ሥራ ፈታ፤ ጫናው ክሩና ፍሬኑ ላይ ብቻ ይወድቃል። ከራሳችሁ በላይ አልፎ ወደ ኋላ እስኪያጋድል ካነሳችሁት ደግሞ ቀጭኑ ጫፍ ብቻ ይሸከምና ይሰበራል።

መንጠቆስ?

መንጠቆ ከዘንጉ ጋር መስማማት አለበት። ወፍራም ሽቦ ያለው መንጠቆ ለመግባት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። በለስላሳ ዘንግ ወፍራም መንጠቆ ካሰራችሁ ጫፉ ብቻ ይገባል፣ እሾኋ ሳትገባ ትቀራለች፣ ዓሣው ሁለቴ ሲዘል ይወድቃል። በደረቅ ዘንግና በጠበቀ ፍሬን ቀጭን መንጠቆ ካሰራችሁ ደግሞ ይቃናል። ለስላሳ ከቀጭን፣ ደረቅ ከወፍራም።

ስለቱን ለማወቅ ጫፉን አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ አስቀምጣችሁ ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጥፍሩን ከቧጠጠና ከያዘ ስለታም ነው። ከተንሸራተተ ዱልዱም ነው። ይህን ሙከራ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ድንጋይ በነካ ቁጥር ደግሙት፣ በወንዝ ደግሞ መንጠቆ ድንጋይ ሳይነካ አይውልም።

ሰው ሠራሽ ማባበያዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይመጣል። ብዙ ስለሚይዝ ጥሩ ይመስላል። ግን ሦስቱ ጫፎች እርስ በርስ እየተጋፉ አንዱም በጥልቀት ላይገባ ይችላል። ማባበያው ረጅምና ድርቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ዓሣው ሲወዘወዝ ያንኑ እንደ መፈንቀያ ብረት ይጠቀምበታል። አንድ ጫፍ ባለው ትልቅ መንጠቆ መቀየር ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ መጀመሪያ የሚነክሰው ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ የተያዘው ግን ይቀመጣል። ዓሣውን መልሶ ለመልቀቅም ይቀላል።

ክብ መንጠቆ የሚባለው ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ነው። እሱን ስትጠቀሙ ድንገት አትንጠቁ። ዓሣው ይዞ ዞር ሲል ክሩ ቀስ ብሎ ይወጠር፣ መንጠቆው ራሱ ተንሸራቶ የአፉ ጥግ ላይ ይያዛል። የአፍ ጥግ ደግሞ ጥሩ መያዣ ነው።

እሾህ የሌለው መንጠቆ በቀላሉ ይገባል፣ ክሩ እስካልላላ ድረስም ይይዛል። ክሩ የሚላላበት ሰው ከሆናችሁ ግን ይቅርታ አያውቅም።

ቋጠሮው ያን ያህል ያሳስባል?

አዎ። ክሩን ከማጥበቃችሁ በፊት አርጥቡት፣ በምራቅም ይሁን በውሃ። ደረቅ ክር ሲጠብቅ ይግላል፣ ሙቀቱም ናይለንንና ፍሎሮካርቦንን ያዳክማል። ቀስ ብላችሁ፣ በአንድ ወጥ ጉልበት አጥብቁ። የተጎነጎነ ክር አንሸራታች ስለሆነ በናይለን የለመዳችሁት ቋጠሮ ላይበቃው ይችላል፤ ክሩን አጥፋችሁ በመንጠቆው ዓይን ሁለት እጥፍ የምታሳልፉበትና ቀለበቱን በመንጠቆው ላይ የምታሻግሩበት፣ ፓሎማር የሚባለው፣ ለሱ በጣም ይሆናል። ከታሰረ በኋላ መንጠቆውን የሆነ ነገር ላይ አንጠልጥላችሁ በደንብ ሳቡት። መፈታቱ ካልቀረ አሁን ይፈታ።

ደግሞ ክሩ ላይ በራሱ የምትቋጠር ትንሽ ቋጠሮ አለች፣ ስትወረውሩ ነፋስ የሚያስራት። ትንሽ ነች ብላችሁ አትለፏት። የናይለንን ጥንካሬ በግማሽ ልታወርደው ትችላለች።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ የት ልቁም?

መሣሪያው ምንም ቢመረጥ፣ ዓሣው ከታች እናንተ ከላይ ከሆናችሁ ፍሰቱን አብራችሁ ነው የምትጎትቱት። የሚቻል ከሆነ በዳርቻው ወደ ታች ሂዱ፣ ከጎኑ ወይም ከእሱ ዝቅ ብላችሁ ቁሙ። ያኔ ዓሣው እናንተንም ወንዙንም ይታገላል። ስትራመዱ ክሩን እየሰበሰባችሁ፣ ግን እግራችሁን እያያችሁ፤ የሚያንሸራትት ድንጋይና ፈጣን ውሃ ካለ ዓሣው ይቅር።

ወደ ላይ ብቻ አትሳቡት። ዘንጉን ወደ ጎን አጋድሉት። ወደ ጎን ሲሳብ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ሚዛኑ ይናጋል፣ ቶሎም ይደክማል። ሳልመንና ትራውት የሚባሉት ዓሦች ደግሞ ይዘላሉ። ከውሃው ሲወጣ ዘንጉን ዝቅ አድርጉለት፣ ክሩ ለቅጽበት ይተንፍስ። አየር ላይ ውሃ አይደግፈውምና ክብደቱ በሙሉ ክሩ ላይ ይወድቃል፣ በተወጠረ ክር ላይ ጭንቅላቱን ከወዘወዘ መንጠቆው ይበራል። ውሃው ውስጥ ሲመለስ ወዲያው ወጥሩት።

መረቡ ጋ ሲደርስ ለምን ያመልጣል?

ብዙ ዓሣ የሚጠፋው በመጨረሻዋ ሜትር ላይ ነው። የወጣው ክር አጭር ስለሆነ የሚለጠጥ ነገር የለም፤ ዓሣውም ሰው ሲያይ የቀረውን ጉልበት በአንዴ ያወጣል። ስለዚህ ሲቀርብ ፍሬኑን በትንሹ አላሉት።

መረቡ አፉ ሰፊ፣ እጀታው ረጅም ይሁን። ጎማ የተቀባ ወይም የጎማ መረብ ምረጡ። በተራ የክር መረብ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆው ይሰካል፣ ዓሣው ገና ግማሹ ሳይገባ ተጠምዝዞ ይላቀቃል። መረቡን ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ ዝም ብላችሁ ያዙት፣ አታሳድዱት። ዓሣውን ከወራጁ አውጥታችሁ ወደ ዝግተኛው ውሃ አምጡት፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አንሱና በመረቡ ላይ ሳቡት። ጭንቅላቱ ይቅደም። ጭራው መረብ ከነካው ወደ ፊት ይፈተለካል።

ዓሣው ከወጣ በኋላ መንጠቆው የታሰረበትን የመጨረሻውን ሜትር በሁለት ጣታችሁ መሀል ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። አንድ ቦታ ላይ ሻከር ካለባችሁ ቁረጡትና እንደ አዲስ እሰሩት፤ ሌላ ዓሣ እዚያው ሲንቦራጨቅ እየሰማችሁ ቢሆንም እንኳ።